ዳለቻው ደህና ነው ወይ?

ወሬውን የሰማሁት ፊቴን ስታጠብ ነው። ወረታ ውስጥ የተከራየኋት ክፍል መስኮት ላይ የማትጠፋው ሬዲዮዬ፣ አንድ ሩቅ አገር ወደ ሰማይ የላካት ሳተላይት ብርሃንን ቅንጣት በቅንጣት እየለቀቀች፣ እጅግ ለተራራቁ ሁለት ጣቢያዎች ማንም ሊሰርቀው የማይችል የምስጢር ቁልፍ አደረሰች አለች። ሌባ መሃል ገብቶ ቢያይ ማየቱ ራሱ ያጋልጠዋል። ይህን ካለች በኋላ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ ወደ እግር ኳስ አለፈች። እኔ ሳሙናው ዓይኔን እየለበለበኝ ደርቄ ቀረሁ። ለኳሱ ሩብ ሰዓት፣ ለዚህ ተአምር አንድ ትንፋሽ! ሬዲዮዋን ልወረውራት ምንም አልቀረኝ።

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ሰው፣ ወረታ ስመደብ ሁለት ዓመት አገልግዬ እመለሳለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። የፎገራን ጭቃ አላወቅሁትም፤ አንዴ እግር ከያዘ አይለቅም። ቁጡ መሆኔን ተማሪዎቼ ይመሰክራሉ። ዕድሜ ልኬን ስለ ብርሃን ሳስተምር ኖሬ፣ ያው ብርሃን ታማኝ መልእክተኛ ሆኖ ከሰማይ ቁልፍ ያደርሳል ሲሉኝ ግን ቁጣውም ሁሉም ጠፍቶብኝ እንደ ሕፃን አፌን ከፈትሁ።

ዘመኑም ለዚህ ወሬ የተመቸ ነበር። ገዥው ግንባር የመጨረሻ ዓመታቱ ላይ ነበር፤ መጨረሻ መሆናቸውን ግን ማናችንም አናውቅም። ኢንተርኔቱ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ሰው ስልክ ላይ ስለ ጤናና ስለ ሰብል ጠይቆ ቶሎ ይዘጋል። ግድግዳም ጆሮ አለው ሲባል የኖረው ቀርቶ፣ ስልክ ጆሮ አለው ይባል ጀምሯል።

ስልክ ካነሣሁ አይቀር ስለ አንዲት እናትና ስለ ልጃቸው ልናገር። ልጁ ተማሪዬ ነበር፤ ጥያቄ የሚያበዛ፣ እኔን ሳይቀር የሚያናድድ ጎበዝ። አባቱ ሞተው፣ እሱና እናቱ ከሐይቁ በኩል ሜዳው ላይ ባለች መንደር ሩዝ እያረሱ ነው የሚኖሩት። ትምህርቱን እንደጨረሰ ሥራ አጣ፤ እርሻውም አልሆነለት። ግንቦት ላይ በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ። ከዚያ ወዲህ የእናትየዋ ሐሳብ አንድ ብቻ ሆነ፤ ልጄ አለ ወይስ የለም?

እሳቸው ስልክ የላቸውም። ከመንደራቸው አንድ ሁለት ሰው ስልክ ቢኖረውም ኔትወርክ ለመያዝ ዛፍ ላይ ሊወጣ ምንም አይቀረው። ያም ባይሆን እናትየዋ አልፈለጉም። «የጎረቤት ስልክ የመንደር ጆሮ ነው» አሉኝ። ስለዚህ ልጁ ወደ እኔ ይደውላል። የሥራ ዕረፍቱ ዓርብ ስለሆነ ዓርብ ዓርብ ከሰው ስልክ ለምኖ ሁለት ደቂቃ ያወራኛል። እኔ መልእክቱን ይዤ እቆያለሁ፤ እናትየዋ በገበያ ቀን ቅቤ ሊሸጡ ሲመጡ በሩዝ መፈልፈያው ጥላ ሥር ቆመን እነግራቸዋለሁ። በመሃላቸው ያለሁት እኔ ብቻ ነበርሁ፤ በዚህም ኩራት ቢጤ ይሰማኝ ነበር።

የልጁ መልእክት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ጤና ነኝ፣ ሥራ አለኝ በሉልኝ። ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በሉልኝ። ዳለቻው ደህና ነው ወይ በሉልኝ፤ ጭድ አይጉደልበት።» ዳለቻው አመድማ በሬያቸው ነው። እናትየዋ ሌላውን ሁሉ መሬት መሬቱን እያዩ ይሰማሉ። ዳለቻው ጋ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፍነው «ተመስገን» ይላሉ። «ልጀ፣ እግዜር ይስጥህ» ብለው መርቀውኝ ይሄዳሉ። ለበሬ እንዲህ መሆናቸው ይገርመኝ ነበር። ከተሜ ስለሆንሁ ነው የማይገባኝ እያልሁ አልፈዋለሁ።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን መፈልፈያው ዘንድ የዚያው መንደር ሰው አገኘሁና ወሬ ለማሳመር ያህል፣ «የእነ እማማ ዳለቻ እንዴት ከረመ?» አልሁት።

«የምን ዳለቻ?» አለኝ። «ማጥ ውጦት ሞተ እኮ። ስንት ሰው ጎትተን አቃተን።»

ክው አልሁ። ለካ በየሳምንቱ የሴትዮዋን ቁስል ስነካካ ኖሬአለሁ! ውኃው በዚያ ክረምትም ሜዳውን አጥለቅልቆት ስለነበር፣ በሬው የሞተው ልጁ ከሄደ በኋላ ነው ብዬ ደመደምሁ። መቼ እንደሞተ ሰውየውን አልጠየቅሁትም። ሁሉም ነገር የተገለጠልኝ መሰለኝ፤ ልጁ አያውቅም፣ እናትየዋ ደግሞ በስደት ላይ ያለ ልጃቸውን ላለማስጨነቅ ደብቀውታል። «ተመስገን» የሚሉትም አምርረው ነው አልሁ። እኔም ደግ ሰው ነኝና የበሬውን ነገር ከመልእክቱ ላወጣው ወሰንሁ።

በሚቀጥለው ገበያ የጤናውንም የሥራውንም ነገር ነግሬ፣ ጎረቤቱን ሰላም ብሏል ብዬ ጨረስሁ።

«ሌላስ?» አሉኝ።

«ይኸው ነው።»

«ስለ ከብቶቹ ምንም አላለ?»

«ሁሉንም ሰላም በሉልኝ ብሏል።»

ትንሽ አዩኝና ቅቤአቸውን ሳይሸጡ አንሥተው ሄዱ። ሳይመርቁኝ መሄዳቸውን ልብ ያልሁት ማታ ነው። ደክሟቸው ይሆናል አልሁ። ዓርብ ላይ ልጁ «ዳለቻውስ?» ሲለኝ ደግሞ «ደህና ነው አሉ» አልሁት። ከት ብሎ ሳቀ። ደስ ብሎት ነው ብዬ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ እንዲሁ ቀጠልሁ፤ ለእናት እየቀነስሁ፣ ለልጅ እየጨመርሁ።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት የሳተላይቷን ነገር ለተማሪዎቼ ሳልነግር ማደር አልቻልሁም። ባሕር ዳር ሄጄ ኢንተርኔት እስኪመጣ ጠብቄ ስለ እሷ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በወረቀት አስወጥቼ ነበር። ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ መሆኑን እያወቅሁ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ሰጠሁት። ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን የፀሐይ መነጽር በካልኩሌተር መስኮት ላይ ይዤ ቀስ እያልሁ ሳዞረው ቁጥሮቹ ጠፉ፤ መልሼ ሳዞረው መጡ። ከኋላ ያሉት ለማየት ብድግ ብድግ አሉ።

«አያችሁ» አልሁ፣ «ብርሃን ሲንቀጠቀጥ አቅጣጫ አለው። ቆሞ ሊሆን ይችላል፣ ተኝቶ፣ ወይም ጋደል ብሎ። ላኪው እያንዳንዷን ቅንጣት በአንዱ አቅጣጫ ይልካታል። መሃል ላይ የሚሰርቅ ሰው መለካት አለበት፤ በተሳሳተ አቅጣጫ ከለካት ግን ቅንጣቷ ትለወጣለች። የተለወጠችውን መልሶ ወደ ተቀባዩ ቢልካትም፣ ላኪና ተቀባይ ጥቂቶቹን አውጥተው በግልጽ ሲያስተያዩ ስሕተቱ በዝቶ ይገኛል። ሰው ገብቷል ይሉና ቁልፉን ይጥሉታል። እንደገና ሌላ ይጀምራሉ።»

«ለምን ሰማይ ድረስ ይሄዳሉ?» አለ አንዱ። በምድር በመስታወት ገመድ ሲልኩት ርቀቱ በረዘመ ቁጥር ቅንጣቶቹ መንገድ ላይ እንደሚያልቁ፣ ወደ ላይ ግን አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ የሚውጣቸው ነገር እንደሚያንስ ነገርኋቸው። ደመናና ዝናብ ካለ አይሆንም ስላቸው፣ «እንግዲያ ለፎገራ ክረምት አይሆንማ!» ብሎ አንዱ ክፍሉን አሳቀው።

ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ሳተላይቷ ራሷ ብታየውስ?»

«ሳተላይቷ ብረት ናት! ምን ዓይን አላት!» ብዬ ጮኽሁባት። ተቀመጠች። እውነቱን ለመናገር ጥያቄዋ መልስ ነበረው። ጽሑፉ መጨረሻው ላይ፣ በዚህ ዓይነት አሠራር ሳተላይቷ ቁልፉን ስለምታውቀው ሁለቱም ወገኖች እሷን ማመን ግድ ይሆንባቸዋል ይላል። አንብቤዋለሁ። የትምህርቱን ውበት የሚያበላሽ መስሎኝ ዘለልሁት።

በዚያው ሰሞን እናትየዋ ከገበያ ቀሩ። ውኃው ገና ከሜዳው ስላልወጣ መንገዱ አስቸግሯቸው ነው አልሁ። በሁለተኛው ገበያም ቀሩ። ያን ዕለት የበሬውን ሞት የነገረኝ ሰውዬ መፈልፈያው ዘንድ ሲያየኝ ባርኔጣውን አወለቀ።

«መምህር፣ ከባድ ነገር ነው የጣለብህ» አለኝ። «መርዶ መንገር እንደው ለባዳ ሰው አይሆንም ነበር።»

«የማን መርዶ?»

«የልጃቸው ነዋ። እሳቸው ለቅሶ ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው። የነገርሃቸው አንተ ነህ አሉ።»

ጆሮዬን አላመንሁም። ያ ልጅ ከትናንት በስቲያ፣ ዓርብ ዕለት፣ በዚህ በኪሴ ባለው ስልክ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ። ሱዳን ውስጥ ከአሠሪው ጋር ስለ ቲማቲም መጣላቱን ሲያጫውተኝ ነበር። ሰውየውን ክንዱን ይዤ «ውሰደኝ» አልሁት።

መንገዱ እስካለ ሄድን፤ ከዚያ በታንኳ ተሻገርን። ከመንደሩ ሳንደርስ ሙሾው በውኃው ላይ ይሰማ ነበር። የልጁን ቁመት፣ የልጁን ትምህርት፣ በሰው አገር አፈር የሚያለብሰው ማጣቱን እያነሡ ሴቶቹ ያወርዱታል። በሕይወት ላለ ሰው የሚለቀስ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ዳሱ ውስጥ ስገባ ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ መንገድ ለቀቀልኝ። እናትየዋ ጠጉራቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩኝ።

«መጡ?» አሉ። «አሁን ሊነግሩኝ ነው?»

ልጀ ይሉኝ የነበሩት ሰው አንቱ አሉኝ። ያ ከሙሾው ይልቅ አስደነገጠኝ።

«እማማ፣ ልጅዎ አልሞተም። ዓርብ አነጋግሬዋለሁ፤ ደህና ነው።»

ሙሾው ቆመ። እሳቸው ግን ፊታቸው አልተለወጠም።

«ስለ ዳለቻው ጠየቀ?»

«ጠይቋል» አልሁ። «ሁልጊዜም ይጠይቃል። በሬው መሞቱን ስሰማ እንዳይከፋዎት ብዬ እኔ ነኝ የተውሁት።»

ዳሱ ውስጥ አጉረመረሙ። እናትየዋ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው።

«ዳለቻው የሞተው ልጀ ሳይሄድ ነው» አሉ። «ልጀም አብሮ ጎትቷል፤ ከማጡ ውስጥ አንገቱን አቅፎ አልቅሶለታል። በአንድ በሬ ማረስ አቅቶት፣ ከጎረቤት መቀናጆም አልሆን ብሎት አይደል የተሰደደው? እኔ ልጅ ሳለሁ ወንድሜ ጦር ሜዳ ሞተ። የመንደሩ ሰው፣ ይህ ደግ ደጉ ሰው፣ መርዶውን ደብቆ ሰብሉ ይግባ፣ ክረምቱ ይውጣ እያለ ዓመት ሙሉ ‹ደህና ነኝ› የሚል ደብዳቤ አነበበልኝ። ጥሬ እየቆላሁ ለሙት ስንቅ ስልክ ከረምሁ። ልጀ ሲወጣ እንዲያ እንዳታረገኝ አልሁት። ቃሉ እውነት ያንተ ከሆነ የሞተውን በሬ እንዳለ አርገህ ጠይቀኝ አልሁት። ሊያጽናናኝ የሚዋሽ ሰው የሞተ በሬ አያነሣብኝማ!»

ቁጭ አልሁ። የተቀመጥሁት ጭቃ ላይ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። ድንገት የበሬው ጥያቄ ቀርቶ የደግ ደጉ ቃል ብቻ ሲመጣላቸው፣ ልጄ ሞቶ እንደ ወንድሜ እየደበቁብኝ ነው ብለው ደመደሙ። ሌሎች እስኪነግሯቸው መጠበቅ አልፈለጉም፤ ራሳቸው ተላጭተው ተቀመጡ። ጎረቤቱ ደግሞ ሲያለቅሱ ባየ ጊዜ መምህሩ ነግሯቸዋል አለና ዳስ ጣለ። ማንም ማንንም አልጠየቀም። እንዲህ ያለ ስሕተት የምንሳሳተው መርዶ ደብቀን ማቆየት የምናውቅ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

«አሁን እውነቱን ነገርሁዎት» አልሁ እየተንተባተብሁ። «ይመኑኝና ይነሡ።»

«በምን ልመን?» አሉኝ፤ ቁጣ እንኳ አልነበረባቸውም። «ከእንግዲህ ዳለቻውን ቢያነሡልኝ ምን ይረባኛል? እርስዎም አወቁት፣ አገሩም ሰማው። በገዛ ጆሮዬ ሳልሰማ አልነሣም።»

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አበው። ሰው የገባበት ቁልፍ ይጣላል ብዬ ክፍል ውስጥ መነጽር ሳዞር የዋልሁት ሰውዬ፣ ይህን ከአንዲት ፊደል ካልቆጠሩ እናት ለቅሶ ቤት ተማርሁት። ያቺ ልጅ ‹ራሷ ብታየውስ› ያለችው ትዝ አለኝና አፈርሁ፤ እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

ልጁ የሚደውለው ከሰው ስልክ ስለሆነ መልሼ ላገኘው አልቻልሁም፤ የባለ ስልኩ ቁጥር በየሳምንቱ ይለያያል፤ ያለፈው ዓርብ የደወለበትም ዝግ ሆነብኝ። እስከ ዓርብ መጠበቅ ነበረብን። ለቅሶው አልተነሣም፤ እህል የቀመሰም ያልቀመሰም ዳሱ ውስጥ ሰነበተ። እኔ ትምህርት ቤት ውዬ ማታ ማታ ኔትወርክ እንዳይቋረጥ ስጸልይ አደርሁ፤ ጸሎት ከተውሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ልጅቷን ክፍል ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። ሳተላይቷን ማመን ግድ ነው፣ ካላመኗት ሁሉም ከንቱ ነው አልኋቸው። ስለ ማን እንደምናገር አላወቁም።

ዓርብ ረፋድ ላይ እናትየዋ በዚያው በጥቁር ልብሳቸው፣ ሁለት የመንደራቸው ሰዎች ደግፈዋቸው መጡ። ቤቴ ከከተማው ዳር፣ ሩዝ ማሳ አጠገብ ነው። ወንበር ሰጠኋቸው፤ መሬት ላይ ተቀመጡ። ስልኩን በመሃላችን በርጩማ ላይ አኖርሁት። ቀትር ሆነ። ካለፉት ዓርቦች ሁሉ ዘገየ። ባይደውልስ? መስመሩ ዛሬ ቢዘጋስ? እኔ ገደልሁት ማለት ነው እያልሁ ነበር።

ሲጮኽ ሁላችንም ደነገጥን። እጄን ስዘረጋ እሳቸው ቀደሙኝ። አረንጓዴውን መጫን እንኳ አሳይቻቸው አላውቅም፤ መፈልፈያው ዘንድ ሲያዩኝ ይዘውት ኖሯል። ተነሥተው ወደ ማሳው ሄዱ። ልከተል ስል ዞሩ።

«እዚያው ይቁሙ» አሉኝ።

ቆምሁ። በማሳው ድንበር ላይ ራቅ፣ ደግሞ ራቅ ብለው ሄዱ። የሚሉትን አልሰማም። የተላጨው ራሳቸው ጎንበስ ቀና ሲል አያለሁ። ከዚያ ቆም አሉ፤ አንድ ነገር ጠይቀው መልሱን የሚጠብቁ ይመስላሉ። ድንገት ቁጭ አሉና ሩዙ ዋጣቸው። ከዚያ ከሩዙ ውስጥ እልልታ ተነሣ፤ አብረዋቸው የመጡት ሰዎች እያለቀሱ ሮጡ። እኔ አልሮጥሁም። ቁሙ ተብያለሁ።

ከዚያ ወዲህ ልጁ በደወለ ቁጥር ደብተር ይዤ ቃል በቃል እጽፋለሁ፤ ሳሉንም ሳይቀር። ጎረቤት ያለችው ሾላ አፈራች ወይ ካለ ሾላውን፣ የዕገሌ አህያ ተገኘች ወይ ካለ አህያዋን አነባለሁ። እናትየዋ ጸጉራቸው እስኪያድግ ሻሽ አስረው በመፈልፈያው ጥላ ሥር ያዳምጡኛል። መሃል ላይ አንድ ቦታ ፊታቸው ይፈታል። የትኛው ቃል ላይ እንደሆነ ለማወቅ ከደብተሩ ዓይኔን ሰረቅ አድርጌ አያለሁ፤ አላገኘሁትም።

አንድ የገበያ ቀን አልቻልሁምና «እማማ፣ የትኛው ነው አዲሱ ምልክት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ቅቤአቸውን እያስተካከሉ ሳቁ።

«ልጀ» አሉኝ፣ ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። «አንተ ደግ ሰው ነህ። ለዚያ ነው የማልነግርህ።»